ከጋራዥ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ የሚሠራውን ራምኖሊፒድ በኢንዛይም መቀየር፦ ከየት ልጀምር?

አፈር ወዳድ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የምሠራው ጥናት የአፈር ባክቴሪያዎች በሚያመርቷቸው ባዮሰርፋክታንቶች (የውሃን የገጽ ውጥረት በሚቀንሱ ሳሙና መሰል ነገሮች) ላይ ነው። አፈሩን ያመጣሁት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለዓመታት ሲፈስበት ከኖረ የጋራዥ ግቢ ነው። ከለየኋቸው ባክቴሪያዎች አንዱ ከኑግ ዘይት ሌላ የካርቦን ምግብ ሳይሰጠው ያለ ችግር ያድጋል፤ ፈሳሹን ሰማያዊ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ አረፋው የጠርሙሱን የጥጥ ክዳን ገፍቶ ይወጣል። ሴሎቹን በሴንትሪፊውጅ ካስወገድኩ በኋላ የፈሳሹን የገጽ ውጥረት ስለካው 30 ሚሊኒውተን በሜትር አካባቢ ነው፤ የንጹሕ ውሃ 72 ገደማ መሆኑን ታውቃላችሁ። የመለያ ምርመራው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይላል፤ ራምኖስ ከሚባል ስኳርና ከስብ የተሠራውን ራምኖሊፒድ የሚያመርተው ባክቴሪያ ማለት ነው።

ፈሳሹን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 2 አውርጄ በኢታይል አሲቴት ያወጣሁትን በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ ስመለከተው፣ ስኳር ያለበትን ቦታ በቀለም የሚያሳየው ኦርሲኖል ተረጭቶ ሲሞቅ ሁለት ነጥቦች ይወጣሉ። የታችኛው ወፍራም ነው፣ የላይኛው ደብዛዛ። የታችኛው ሁለት ራምኖስ የተሸከመው ዲ ራምኖሊፒድ፣ የላይኛው አንድ ራምኖስ ያለው ሞኖ ራምኖሊፒድ ይመስለኛል። እኔ የምፈልገው ሞኖውን ነው፤ ዓላማዬ ካድሚየምን ከተበከለ አፈር ማጠብ ነውና።

በቤተ ሙከራችን ማቀዝቀዣ ውስጥ ናሪንጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ። ሁለተኛውን ራምኖስ ይቆርጣል የሚል አንብቤአለሁ። ባክቴሪያው ባደገበት ፈሳሽ ላይ በቀጥታ ልጨምረው ወይስ ራምኖሊፒዱን ካወጣሁ በኋላ? በየትኛው ፒኤች? መቀየሩንስ በምን አውቃለሁ? የገጽ ውጥረት መለኪያ አለን፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ግን የለንም።

የራይን ማዶ ጻፈ፦

እህቴ፣ የያዝሽው መንገድ ሰው የሄደበት ነው። ናሪንጂኔዝን በብዛት የሚገዙት የጭማቂ ፋብሪካዎች ናቸው፤ የግሬፕፍሩትን ምሬት የሚያመጣውን ናሪንጂን ለመስበር ይጠቀሙበታል። በናሪንጂን ውስጥ ራምኖስ ከግሉኮስ ጋር የተያዘው በአልፋ 1፣2 ትስስር ነው። በዲ ራምኖሊፒድ ውስጥም ሁለተኛው ራምኖስ ከመጀመሪያው ጋር የተያዘው በዚያው ዓይነት ትስስር ነው። ኢንዛይሙ የሚፈልገው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ራምኖስ ነው፤ ከበስተኋላው ግሉኮስ ይሁን ሌላ ራምኖስ ብዙም አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመን ውስጥ የታተመ ሥራ ይህንኑ አድርጓል፦ አንድ የሱዶሞናስ ዘር በራፕሲድ ዘይት ራምኖሊፒድ እንዲሠራ ተደረገ፣ ከዚያ ናሪንጂኔዝ ገባ፣ በአንድ በኩል ሞኖ ራምኖሊፒድ፣ በሌላ በኩል ኤል ራምኖስ ተገኘ። ራምኖሱ ራሱ ዋጋ ያለው ስኳር ነው፤ ፉራኒኦል የሚባለው የእንጆሪ ጣዕም ሰጪ ከእሱ ይሠራል።

አስቸጋሪው ነገር ፒኤች ነው። በገበያ ያለው ናሪንጂኔዝ ከአስፐርጊለስ ወይም ከፔኒሲሊየም የሚገኝ የፈንገስ ኢንዛይም ስለሆነ ከ4 እስከ 5 ባለው አሲዳማ አካባቢ ይበረታል። ራምኖሊፒድ ደግሞ ካርቦክሲል ጫፉ ላይ ያለው አሉታዊ ሙል 5.5 አካባቢ መጥፋት ይጀምራል፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ቆይቶም ይዘቅጣል። ኢንዛይሙ በሚመቸው ቦታ የሚቆረጠው ነገር ከውሃው ይሸሻል ማለት ነው። ፒኤች 6 አካባቢ፣ 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ብትሠሪ ኢንዛይሙ ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም።

በቀጥታ በማደጊያው ፈሳሽ ላይ ግን አትጨምሪው። ኤሩጂኖሳ ኤላስቴዝን የመሳሰሉ ፕሮቲን ቆራጮችን በብዛት ይለቃል፤ ከዚህም በላይ ራምኖሊፒድና ኤላስቴዝ የሚታዘዙት በአንድ ዓይነት የሴል ለሴል መልእክት ስለሆነ አንዱ ሲበዛ ሌላውም ይበዛል። ናሪንጂኔዝሽን ሥራውን ሳይጀምር ይበሉታል።

ጡረተኛው ባዮኬሚስት ጻፈ፦

ልጄ፣ ወደ ኢንዛይሙ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በኢታይል አሲቴት ያወጣሽውን መዝነሽ «ምርቴ ይህን ያህል ግራም በሊትር ነው» ብለሽ ጽፈሻል? ጽፈሽ ከሆነ ሰርዢው። ያሳደግሽው በኑግ ዘይት ነው። ባክቴሪያው ያልጨረሰው ዘይት አለ፤ ስብ በሚሰብረው ኢንዛይሙ፣ በሊፔዝ፣ ከዘይቱ የለቀቀው ሊኖሌይክ አሲድም አለ። ሁለቱም ከራምኖሊፒዱ ጋር ኢታይል አሲቴት ውስጥ ገብተው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ገለባን ከስንዴ ጋር መዝኖ «ምርት» እንደማለት ነው። በዘይት ስለሚመረት ራምኖሊፒድ የሚወጡ አስደናቂ አኃዞችን ሳነብ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው እንዴት እንዳጠሩት ነው።

አሲድ ከመጨመርሽ በፊት፣ ፈሳሹ ገለልተኛ ሳለ፣ በሄክሳን እጠቢው። ራምኖሊፒዱ በውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ዘይቱ ይወጣል። ነጻው የስብ አሲድ ግን በዚህ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስለዚህ ካወጣሽው በኋላ በሲሊካ ጄል አምድ አሳልፊው፦ በክሎሮፎርም ብቻ መጀመሪያ ዘይቱና የስብ አሲዱ ይወርዳሉ፤ ቀስ በቀስ ሜታኖል ስትጨምሪ ሞኖው ይከተላል፣ መጨረሻ ዲው። ይህን ካደረግሽ ለኢንዛይሙ የምትሰጪው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ታውቂያለሽ፤ ለማነጻጸሪያም የራስሽ ሞኖ ይኖርሻል።

ኦርሲኖልን ለመጠን መለኪያም የምትጠቀሚበት ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው የራምኖሱን መጠን ለክቶ በ3 ወይም በ3.4 ያባዛና ራምኖሊፒድ ይለዋል። ሁለት ባለ አሥር ካርቦን የስብ ሰንሰለት ያለው ሞኖ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 504 ገደማ ነው፤ በአንድ ራምኖስ 164 ሲካፈል 3.1 ይሆናል፣ ያ ትክክል ነው። ዲው ግን 650 ገደማ ሆኖ ሁለት ራምኖስ ስለያዘ ማባዣው 2 ነው። ያንቺ ናሙና በአብዛኛው ዲ ከሆነ በ3.4 ማባዛት ምርቱን ከግማሽ በላይ አሳብጦ ያሳይሻል።

መቀየሩን በምን አውቃለሁ ላልሽው፦ በገጽ ውጥረት አታውቂውም። ሞኖውም ዲውም ውሃን ወደ 30 አካባቢ ያወርዱታል፤ መለኪያሽ ልዩነቱን አያይም። ይልቅ ርካሹን የዲኤንኤስ ምርመራ ውሰጂ፤ ስኳር ቆጣሪውን ዳይናይትሮሳሊሲሊክ አሲድ ማለቴ ነው። ምርመራው የሚያየው ነጻ አልዴሃይድ ጫፍ ያለውን ስኳር ብቻ ነው። በራምኖሊፒድ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ራምኖሶች ጫፋቸው ተይዟል፣ አንዱ በሌላው ራምኖስ፣ ሌላው በስብ ሰንሰለቱ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የሚነበበው ዜሮ ይጠጋል፤ ኢንዛይሙ አንድ ራምኖስ በቆረጠ ቁጥር ቀይ ቡናማው ቀለም ይጨምራል። 100 ሚሊግራም ንጹሕ ዲ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር 25 ሚሊግራም ራምኖስና 77 ሚሊግራም ተኩል ሞኖ ይሰጣል። ከዚህ በላይ ራምኖስ ካነበብሽ ወይ ኢንዛይሙ ከሞኖውም መቁረጥ ጀምሯል፣ ወይ የኢንዛይም ዱቄቱ ራሱ ስኳር አለበት። የኢንዛይም ዱቄቶች ብዙ ጊዜ ማጠንከሪያ ስኳር ይደባለቅባቸዋልና ኢንዛይም ብቻ ያለበት ቱቦ አብረሽ አስቀምጪ። የፈላ ኢንዛይም ያለበትም እንዲሁ።

በመጨረሻም፦ ኤሩጂኖሳ የተቃጠለ ቆዳንና የደከመ ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ካርል ጌሳር መጀመሪያ ያገኘውም ከቁስል ማሠሪያ ጨርቅ ላይ ነው። አረፋው ከጠርሙሱ ይወጣል ብለሽ በቀላሉ ያለፍሽው ነገር እኔን አሳስቦኛል። የሚፈነዳ አረፋ ባክቴሪያውን ወደ አየር ይረጫል።

ሳሙና ቀቃይ ጻፈ፦

ይቅርታ፣ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፤ ፈሳሽ ሳሙና እያመረትኩ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሰልፎኒክ አሲዱም ቴክሳፖኑም ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ለእኛ ከብዷል። ይህ ባክቴሪያ የሚሠራው ነገር ሳሙና ውስጥ ይገባል ወይ? ከገባ ኑጉም ፋጉሎውም እዚሁ አገር አለ።

የራይን ማዶ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ይገባል፤ ገብቶም ተሸጧል። ዩኒሊቨር እ.ኤ.አ. በ2019 ቺሌ ውስጥ ኩዊክስ በሚለው የዕቃ ማጠቢያው ራምኖሊፒድ አስገብቷል። አቅራቢው ኢቮኒክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ስሎቫኪያ ውስጥ ለራምኖሊፒድ ብቻ የተሠራ ትልቅ ፋብሪካ ከፍቷል። ግን የሚጠቀሙት ከጋራዥ አፈር የመጣ ኤሩጂኖሳ አይደለም። ሰው የማያሳምመውን ሱዶሞናስ ፑቲዳን ወስደው የራምኖሊፒድ ጂኖቹን አስገብተውበት ከዘይት ይልቅ በስኳር ያሳድጉታል። በቤት ውስጥ ጀሪካን ይህን ለማድረግ እንዳትሞክር አደራ እላለሁ።

ጡረተኛው ባዮኬሚስት ጻፈ፦

ለሳሙና ቀቃይ፦ ባዮሰርፋክታንት እኮ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ አረፋ የሚያወጣው በውስጡ ባለው ሳፖኒን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ መሆኑን ያወቀው። ለዚያ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እንግዲህ ከአገር ውስጥ ማጠቢያ ከፈለግህ ከባክቴሪያው ይልቅ ለአንተ የሚቀርበው ተክሉ ነው። ለዓሣ መርዝ መሆኑን ግን አትርሳ፤ እጣቢውን ወደ ወንዝ አትልቀቀው።

ሰባት ሊትር ጻፈ፦

በዩኒቨርሲቲ የማብላያ ታንክ ላይ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ስለ ኬሚስትሪው ሌሎቹ ተናግረዋል፣ እኔ ስለ ምርቱ ልናገር።

አዲስ አበባ ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ከፍታ ላይ ከሆንሽ፣ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ለባሕር ጠለል የተጻፈ መሆኑን አትርሺ። የከባቢ አየር ግፊት እዚህ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሱዶሞናስ ደግሞ ዘይት ሲበላ ኦክስጅን ይፈልጋል። በጠርሙስ ስትሠሪ ከጠርሙሱ አንድ አምስተኛ ብቻ ሙይ፣ ሻከሩንም ፈጠን አድርጊው። አውቶክሌቭሽ በሙቀት ሳይሆን በግፊት መለኪያ የሚሠራ አሮጌ ከሆነ ደግሞ 15 ፓውንድ ላይ ማቆም አይበቃም፤ እዚህ 121 ዲግሪ ለመድረስ 19 ገደማ ያስፈልጋል። «ባሲለስ አገኘሁ» (ሙቀት የሚቋቋም ስፖር የሚሠራ ባክቴሪያ ነው) የሚሉ አንዳንድ ተማሪዎች ያገኙት ከአፈሩ ሳይሆን በደንብ ካልተቀቀለው ምግብ ነው።

ናይትሮጅኑን ቆጥበሽ ስጪ። ራምኖሊፒድ የሚበዛው ባክቴሪያው ናይትሮጅን ጨርሶ፣ መባዛቱን አቁሞ፣ ካርቦን ግን ተርፎት ሲቀመጥ ነው። ናይትሬት ከአሞኒየም የተሻለ እንደሆነ ብዙ ሥራዎች ይስማማሉ። ፋጉሎ ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ ባክቴሪያሽን ያደልበዋል እንጂ ራምኖሊፒድ አያሠራውም።

አንድ ሰው ሞላሰስ ሞክሪ ማለቱ አይቀርም። የወንጂም ሆነ የመተሐራ ሞላሰስ ርካሽ ነው፣ ስኳሩ ግን በአብዛኛው ሱክሮስ ነው፤ ኤሩጂኖሳ ሱክሮስን እንዳለ አይበላም። በኢንቨርቴዝ ወይም በአሲድ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ካልሰበርሽው የሚጠቀመው ቀድሞ የተሰበረውን ጥቂት ክፍል ነው። ጥቁር ቀለሙም በኢታይል አሲቴት ተከትሎሽ ይመጣና ሲሊካ አምድሽን ያበላሻል።

አረፋው ላይ ፀረ አረፋ ዘይት አትጨምሪ፤ የገጽ ውጥረት ልኬትሽን ያዛባል፣ ከምርቱም ለማስወጣት ያስቸግራል። በአየር መውጫው ቱቦ አረፋውን ወደ ሌላ የጸዳ ጠርሙስ ምሪው፤ የጠርሙሱ መውጫ ላይ የአየር ማጣሪያ ይኑር። እዚያ የሚሰበሰበው አረፋ ከታንኩ ፈሳሽ ይልቅ በራምኖሊፒድ የበለጸገ ስለሆነ ግማሽ የማጣራት ሥራ ሠራልሽ ማለት ነው።

የጂን ወገን ጻፈ፦

ሁላችሁም ስለ እንዴት ትናገራላችሁ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ሞኖ ብቻ ከፈለገች ሞኖ ብቻ የሚሠራ ባክቴሪያ አለ። ኤቲሲሲ 9027 የተባለው የኤሩጂኖሳ ዘር ሁለተኛውን ራምኖስ አይጨምርም፤ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የካድሚየም ሥራቸውን የሠሩት በእሱ ምርት ነው። ሰው የማያሳምም ከተፈለገ ሱዶሞናስ ክሎሮራፊስ የሚባል የአፈር ባክቴሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሞኖ ራምኖሊፒድ እንደሚሠራ ታውቋል።

ነገሩ ቀላል ነው። አርኤችኤልኤ የተባለው ኢንዛይም ሁለት የስብ ሰንሰለቶችን ያገናኛል፤ አርኤችኤልቢ የመጀመሪያውን ራምኖስ ይለጥፋል፤ አርኤችኤልሲ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ማጥፋት ማለት ዲውን ማጥፋት ነው። ባክቴሪያው መጀመሪያ ኃይል አውጥቶ የለጠፈውን ራምኖስ በውድ ኢንዛይም መልሶ መቁረጥ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

የራይን ማዶ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ አልስማማም። አንደኛ፣ እሷ ያላት ናሪንጂኔዝ እንጂ ጂን ማጥፊያ መሣሪያ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንተ ባልከው መንገድ ራምኖሱ ከነአካቴው አይሠራም፤ በኢንዛይም መንገድ ግን ሁለት ምርት ታገኛለች። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው፦ ከአንድ ጠርሙስ የወጣ ዲ፣ ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ ሳይቀየር ሲነጻጸር የስብ ሰንሰለቶቹ ርዝመት ያው ነው። ካድሚየም አያያዛቸው ቢለያይ ምክንያቱ ያ አንድ ራምኖስ ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ ዘሮችን ብታነጻጽር ግን ሰንሰለቱም ይለያያል፣ መልሱም ይደባለቃል።

የጂን ወገን ጻፈ፦

ሦስተኛውን ተቀብያለሁ። አንደኛውን ግን ድህነትን እንደ ዘዴ ማቅረብ ነው እላለሁ። ለጥናት ይሁን፣ ለምርት ግን አይሆንም።

አፈር ወዳድ ጻፈች፦

በጣም አመሰግናለሁ፤ በተለይ እርስዎ ጋሼ፣ የዲኤንኤሱ ነገር ብዙ ገንዘብ አዳነልን። አረፋውንም አሁን በቤተ ሙከራው መከላከያ ካቢኔ ውስጥ ነው የማስተናግደው።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አማካሪዬ ሊፔዝ ተጠቅሜ ተጨማሪ የስብ ሰንሰለት ስኳሩ ላይ እንድለጥፍ ሐሳብ አቅርበዋል፤ በሶፎሮሊፒድ ላይ ተሠርቷል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ከዚያው አፈር አንድ ባሲለስ አግኝቻለሁ፤ በደም አጋር (ደም በተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ሰፊ ጥርት ያለ ቀለበት ይሠራል። ውጭ አገር ያለች ጓደኛዬ ባክቴሪያዎቹን ብልክላት ጂኖማቸውን ልታነብልኝ ፈቃደኛ ናት።

የራይን ማዶ ጻፈ፦

በሶፎሮሊፒድ ላይ መሠራቱ እውነት ነው፤ ስታርመሬላ ቦምቢኮላ ከተባለ እርሾ የሚገኝ ነው እንጂ የባክቴሪያ ምርት አይደለም። ሶፎሮስ ሁለት ግሉኮሶች ያሉት ስኳር ሲሆን እያንዳንዳቸው በስድስተኛው ካርቦን ላይ አንደኛ ደረጃ ሃይድሮክሲል አላቸው። ከካንዲዳ አንታርክቲካ የተገኘውና በሙጫ ኳሶች ላይ ታስሮ የሚሸጠው ሊፔዝ ቢ ውሃ በሌለበት ሟሟ ውስጥ የስብ አሲድን ወደዚያ ቦታ መርጦ ይለጥፋል።

ራምኖስ ግን ስድስተኛው ካርቦን ላይ ሃይድሮክሲል የለውም፤ እዚያ ያለው ሜታይል ነው። የቀሩት ሃይድሮክሲሎች ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ፣ የተጨናነቁ ናቸው። ሊፔዙ የሚወደው ቦታ በሞለኪውሉ ላይ የለም። አማካሪሽን በአክብሮት ይህን አሳያቸው፤ ሥዕሉን ሲያዩ ራሳቸው ይተዉታል።

ጡረተኛው ባዮኬሚስት ጻፈ፦

ስለ መላኩ፦ ዝም ብለሽ በፖስታ እንዳትልኪ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትን (ማግኘትና መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ረቂቅ ሕዋሳትንም ይጨምራል። ጓደኛሽ መልካም ሰው ብትሆንም ባክቴሪያው ከአገር ሲወጣ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሥራው በአገር ውስጥ የሚቻል ከሆነ እዚሁ ይሠራ።

ዘረ ስፖር ጻፈች፦

ስለ ባሲለሱ እኔ ልመልስ፤ የምሠራው በእሱ ላይ ነው። የደም ቀለበቱ የሰርፋክቲን ጥሩ ምልክት ነው፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም፤ ደምን የሚሰብሩ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ። ሰርፋክቲን እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ ከባሲለስ ሰብቲሊስ ሲለይ የገረማቸው የደም መርጋትን መከልከሉም ነበር። ሰባት አሚኖ አሲዶች ከአንድ ሃይድሮክሲል ካለው የስብ ሰንሰለት ጋር ቀለበት ሠርተው የተቀመጡበት ሞለኪውል ነው። ውሃን ወደ 27 ያወርደዋል፤ ከራምኖሊፒድ በጣም ባነሰ መጠን።

የላቦራቶሪ ሰው ሁሉ የሚያውቀው 168 የተባለው የሰብቲሊስ ዘር ሰርፋክቲን አይሠራም፤ የመሥሪያ ጂኖቹ ሁሉ አሉት፣ ኤስኤፍፒ የተባለው አንቂ ኢንዛይም ግን ተበላሽቶበታል። ያንቺ ከአፈር የመጣ ዘር የሚበልጠው በዚህ ነው።

የኢንዛይም ለውጥ ካሰብሽ እዚህ ሁለት በር አለ። አንዱ ከውስጥ ነው፦ በማደጊያው ላይ ቫሊን ወይም ሉሲን ስትጨምሪ የስብ ሰንሰለቱ ርዝመትና አንዳንድ የአሚኖ አሲድ ቦታዎች ይለዋወጣሉ፤ የሚገጣጥመው ትልቁ ኢንዛይም በአንዳንድ ቦታዎች ያገኘውን ተመሳሳይ ነገር ይቀበላል። ሌላው በር ቀለበቱ ነው። ቀለበቱን የሚዘጋው ታዮኤስተሬዝ የተባለው የመጨረሻው ክፍል ተቆርጦ ለብቻው ቱቦ ውስጥ ሲገባም ይሠራል። መክፈት ግን ኢንዛይም አያስፈልገውም፤ ብርቱ ቤዝ ይከፍተዋል፣ የተከፈተውም የገጽ ኃይሉን በእጅጉ ያጣል።

ሞላሰስ ለዚህኛው ይሆናል፣ ሰብቲሊስ ሱክሮስ ይበላል። ግን ከሱክሮስ ሌቫን የሚባል ሙጫ ስለሚሠራ ፈሳሹ ወፍሮ ሊያስቸግርሽ ይችላል።

አፈር ወዳድ ጻፈች፦

ባሲለሱን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ፤ ባክቴሪያዎቹም እዚሁ ይቀራሉ። አማካሪዬ ስለ ሊፔዙ ሥዕሉን ሲያዩ ሳቁ።

ናሪንጂኔዙን በአምድ በለየሁት ዲ ላይ፣ ፒኤችን በሚያጸና የፎስፌት ቋት፣ ፒኤች 6፣ በ40 ዲግሪ አስገባሁት። የታችኛው ነጥብ እየሳሳ፣ የላይኛው እየወፈረ ሄደ፤ የላይኛው ከራሴ ሞኖ ጋር አንድ ከፍታ ላይ ነው። መነሻው መስመር ላይ የቀረ አዲስ ነጥብም አለ፣ ራምኖስ ይመስለኛል። የፈላ ኢንዛይም ያለበት ቱቦ አልተለወጠም። ዲኤንኤሱ ከሚጠበቀው ራምኖስ ከግማሽ በላይ አሳይቶ እዚያው ቆመ፤ ኢንዛይም ብጨምርም አልተንቀሳቀሰም። የገጽ ውጥረቱ እንዳሉት አልተለወጠም። ለምን ቆመ? አሁን ምላሹን አቁሜ ወደ ካድሚየሙ ልሂድ?

ጡረተኛው ባዮኬሚስት ጻፈ፦

ጥሩ ሠርተሻል። መቆሙ አያስደንቅም፤ የሚለቀቀው ራምኖስ ራሱ የራምኖሲዴዝ፣ ማለትም ናሪንጂኔዝ ውስጥ ራምኖስ የሚቆርጠው ክፍል፣ አጋች ነው። የተፈጠረው ሞኖም ከዲው ጋር ተጣብቆ ትልልቅ ክምችት ስለሚሠራ የቀረው ዲ ለኢንዛይሙ በቀላሉ አይገኝም። ፈሳሹን በዲያሊሲስ ከረጢት አድርገሽ በቋቱ ውስጥ ብታስቀምጪው ራምኖሱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከረጢቱ ውስጥ ኢንዛይሙና ራምኖሊፒዱ ይቀራሉ። የተጠቀምሽውን ቋት ግን አትድፊው፤ ራምኖሱ ያለው እዚያ ነው።

ምላሹን ለማቆም አታፍዪው። ወደ ፒኤች 2 አውርደሽ በኢታይል አሲቴት አውጪው፦ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ የቀረ ስኳር በውሃው ይቀራል፣ ሞኖና የተረፈው ዲ ወደ ላይኛው ሟሟ ይሄዳሉ። ከዚያ በአምዱ እንደገና ለያቸው።

ወደ ካድሚየም ስትሄጂ የፎስፌት ርዝራዥ እንዳይከተልሽ። ካድሚየም ከፎስፌት ጋር ይዘቅጣል፤ ከፈሳሹ ሲጠፋ ራምኖሊፒዱ የያዘው ይመስልሻል። በሲትሬትም አትቀይሪው፣ ሲትሬት ራሱ ካድሚየም ይይዛል። ሞኖውን በተጣራ ውሃ ላይ አሟሚው፣ ፒኤቹን በትንሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 7 አካባቢ አድርጊው፣ ካድሚየሙንም በናይትሬት ጨው መልክ ስጪው። ራምኖሊፒድ የሌለበት፣ ካድሚየም ብቻ ያለበት ቱቦም ከጎኑ ይቁም።